መርዶ ይዤ በጄኔቫ ሐይቅ ላይ

ከተመለስኩ ወዲህ የምኖርበት የቶሮንቶው ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ሴቶች ሊፍት ውስጥ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጄኔቫ እንዴት ነች?» ሊፍቱ እኛ ፎቅ እስኪደርስ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ «ደስ ትላለች» ብዬ እወርዳለሁ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሙሉውም ግን አይደለም። ሙሉውን እዚህ ልጻፈው። መሄድ ያልተመቻችሁ ከተማዋን በእኔ ዓይን ታያላችሁ፣ የሄድኩበትንም ጉዳይ ታውቁልኛላችሁ።

የወሰደኝ ሽርሽር አልነበረም። እናታችን አገር ቤት አርፋ ነበር። እኔ የተረዳሁት እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ጎረቤቶቼ ጎሕ ሳይቀድ አንኳኩተው፣ አስቀምጠው፣ ግራና ቀኝ ይዘው ነገሩኝ። ጩኸታችንን የሰማው የሕንፃው ጠባቂ እሳት የተነሣ መስሎት ማጥፊያውን ተሸክሞ ደረሰ። ነገሩ ሲገባው ማጥፊያውን በር ላይ አስቀምጦ፣ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ያን ዕለት እንደ አገሬ ሴቶች ፀጉሬን ከሥሩ ቆረጥኩት። የንስሐ አባቴ በኋላ መጥተው «ማዘንስ ይገባል፤ ፀጉሩ ምን አደረገሽ ልጄ?» አሉኝ። ዘግይተው ነበር።

ጄኔቫ ያለችው ታናሽ እኅቴ ስንዱ ግን አልሰማችም። የተለያየነው ካርቱም ነው፤ እኔን ካናዳ ተቀበለችኝ፣ እሷን ስዊዘርላንድ። አባታችን የሞተ ጊዜ ስንዱ የሰማችው በስልክ ነበር። ስንዱ የሰማች የመሰላት አንዲት የምታውቃት ሴት ሥራ ቦታዋ ኮል አድርጋ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለቻት። ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ኮሪደር ላይ፣ በፈረንጅ መሐል፣ ብቻዋን ወደቀች። ከዚያ በኋላ ስንት ወር ስልክ በጮኸ ቁጥር ትንቀጠቀጥ ነበር። የእናታችን እንደዚያ እንዳይሆን ለራሴ ቃል ገባሁ። ስንዱ ቤቷ ሆና፣ ጠዋት፣ በሰው ተከብባ፣ የሚይዛት ክንድ አጠገቧ ሳለ ትስማ። አርባዋም ሳያልፍ።

ስንዱ ባለችበት ሕንፃ የሚኖሩ እትዬ አስካለ የሚባሉ ትልቅ ሴት አሉ፤ ለሁሉም አበሻ እናት ናቸው። በስልክ የመከርነው ከእሳቸው ጋር ነው። «እሑድ ጠዋት ይሁን» አሉኝ። «በርን ከተማ ያሉት ጋሽ ንጉሤ እሑድ ነው ሥራ የማይገቡት፤ መርዶ እንደ እሳቸው የሚችልበት የለም። እስከዚያ አፍሽን ያዢ፤ ራስሽንም ሸፍኚ።»

አፍ መያዙ ነው ያስጨነቀኝ። ንስሐ አባቴን «አባ፣ መዋሸት አልችልም» አልኳቸው።

«አትዋሺ» አሉኝ። «ዝም ማለት ግን አልተከለከለም።»

በዚህች ቃል ተሳፈርኩ።

ሐሙስ

ከቤቴ ኤርፖርት ለመድረስ በአውቶቡስ እስከ ሰብዌይ፣ በሰብዌይ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ አውቶቡስ ነው። ሻንጣዬ ከባድ አልነበረም፤ ግን ጥቁር ቀሚሴን ከሁሉ ሥር፣ በፎጣ ጠቅልዬ ስለቀበርኩት እንደ ድንጋይ ይከብደኝ ነበር። ፍልሰታ ስለነበር አውሮፕላኑ ላይ ዶሮ ሲያቀርቡልኝ ዳቦውንና ሰላጣውን ብቻ አስቀረሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብርቱካናቸውን ላጥ አድርገው ሳይጠይቁኝ ሳህኔ ላይ አኖሩት። እግዜር ይስጣቸው፤ እስከ ማግሥቱ ያቆየኝ እሱ ነው።

ዓርብ

ፓስፖርት የሚያየው ጎልማሳ አንዴ ፎቶዬን፣ አንዴ እኔን አየ። ፎቶው ላይ ፀጉሬ ትከሻዬ ድረስ ነው። ሻሼን ወደኋላ እንዳደርግ በእጁ አመለከተኝ። አደረግሁ። ሰውዬው ደነገጠ፣ የታመምኩ መስሎታል መሰለኝ፣ «ፓርዶን ማዳም» ብሎ ማኅተሙን በቀስታ መታልኝ። ሻሼን ሁለት ዙር አስሬ፣ ጫፉን በመርፌ ቁልፍ ወጋሁት።

ስንዱ ከበሩ ውጭ እትዬ አስካለ አጠገብ ቆማ ነበር። ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ የሚጠይቀኝ ባለመኖሩ ያን ቀን ያገኘሁት ዕረፍት እሱ ብቻ ነው።

«ከስተሻል እታለም!» አለችኝ። እታለም እያለች ነው ከልጅነቷ የምትጠራኝ። «ይሄ ሻሽ ደግሞ ምንድነው? መነኮስሽ እንዴ? ዛሬ ማታ ሹሩባ ነው የምሠራሽ፣ እምቢ ማለት የለም።»

እሷ ከሥራዋ ሌላ በትርፍ ጊዜዋ የአበሻን ሁሉ ፀጉር የምትሠራ ናት። ይህን አውቃለሁ፤ ግን ቶሮንቶ ሆኜ አልታሰበኝም።

ባቡሩ ላይ የፈራሁትን ጠየቀችኝ። «እማዬስ? ጉልበቷ እንዴት ሆነ?»

«አሁንስ አያማትም» አልኩ።

እውነት ነው። ስንዱ «ተመስገን» ብላ ጭኔን መታ አደረገችው። እትዬ አስካለ በመስኮት ወደ ውጭ ዞሩ።

ቤቷ አንድ ክፍልና ማድ ቤት ነው፤ የእኔን ግማሽ ያህላል፤ ግን መስኮቷን ስትከፍቺ ተራራ ይታያል። ቶሮንቶ መስኮቴን ብከፍት የማየው ተመሳሳይ ሕንፃና የሌላ ሰው ባልኮኒ ነው። ምሳው ሽሮና የተልባ ፍትፍት ነበር። ስንዱ እጇን ታጥባ እንደተነሣች ሻንጣዬን ልትፈታ ተንበረከከች። ዚፑን ግማሽ ድረስ ከፍታዋለች። እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ተይ አንቺ! የእንግዳ ሻንጣ እንደ ገበያ ቅርጫት ይበረበራል?» አሏት።

«እኅቴ እኮ ናት!»

«ብትሆንስ? መጀመሪያ ትረፍ።»

ማታ ማበጠሪያና ቅባት ይዛ መጣች። በእውነት ራሴን ይፈልጠኝ ነበርና «ራሴን አሞኛል፣ አትንኪኝ» አልኳት። ሻሹን እንዳሰርኩ ተኛሁ።

ቅዳሜ

እትዬ አስካለ ለሁለታችን የከተማ ጉብኝት ቡክ አድርገውልን ኖሯል። ለስንዱ «እኅትሽ ከተማሽን ሳታይ ትሂድ?» ብለዋታል። እኔን ማድ ቤት ስበው በጆሮዬ የነገሩኝ ሌላ ነው። «ወንበር መበደር አለብን፣ ንፍሮ መቀቀል አለብን። ስልኩም ከአሁን አሁን ይጮሃል፤ የሰማ ሁሉ እሷን ሊያጽናና ይደውላል። እስኪመሽ ይዘሻት እንዳትመጪብኝ።»

አስጎብኚያችን ሞኒክ የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ ቀልጣፋ ሴት ናት። ቢጫ ጃንጥላ ወደ ላይ ቀስራ «ይህን ተከተሉ፣ አትጠፉም» አለች፤ አንዴ በፈረንሳይኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ። ቡድናችን ውስጥ ሁሉም ካሜራ ያንጠለጠሉ ጃፓኖች፣ ኮፍያው በየቦታው የሚጠፋበት አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌና እኛ ነበርን።

ሐይቁን ሳየው እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። የቶሮንቶው ሐይቅ ማዶ የለውም፤ ባሕር ነኝ ይላል። ይሄኛው ማዶው ይታያል፤ ከማዶው በላይ ተራራ፣ ከተራራው በላይ በነሐሴ በረዶ። ከሐይቁ መሐል ውሃ እንደ ነጭ ዝግባ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ያደግንበት ሐይቅ ከተማ ውሃው እንዲህ አይጮኽም፤ ታንኳው ሲሄድ እንኳ ድምፅ የለውም። ግን ነፋሱ አንድ ነው። ሻሼን በግራ እጄ ይዤ ሄድኩ።

በአበባ የተሠራውን ትልቅ ሰዓት ከበን ሞኒክ ስታወራ፣ አንድ ያገራችን ሰው ከሚስቱ ጋር ከወዲያ ማዶ ሲመጣ አየሁ። ስንዱን ሲያይ ፊቱ ወረደ። ኮፍያውን አወለቀ። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ለቅሶ ሲደርስ ነው። ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ስንዱዬ፣ እንግዲህ እግዚአብሔር ያ...»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን!» ብዬ ጮኽኩና እግሩን ረገጥኩት። ደህና አድርጌ ነው የረገጥኩት።

ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚስቱ ፈጣን ናት፤ አንዴ እኔን አይታ ክንዱን ጎተተችው። «ና ባክህ፣ አውቶቡሱ አመለጠን!» እያነከሰ ተከተላት።

«ምን ሆኖ ነው? ያዘነ ይመስላል» አለች ስንዱ።

«እግሩን አሞት ይሆናል» አልኩ።

ከዚያ ዳገቱን ወጥተን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን አየን። ጫማ አይወልቅም። ሥዕል የለ፣ መጋረጃ የለ፤ ድንጋይና ብርሃን ብቻ። ሞኒክ ሥዕሎቹ ከብዙ ዘመን በፊት እንደወጡ ነገረችን። ቢሆንም ጥግ ይዤ ቆሜ የእናቴን የክርስትና ስም አነሣሁ። ዓይኔን ስገልጥ ስንዱ ፊት ለፊቴ ነች።

«ለማን ነው እንዲህ የምትጸልዪው?»

«ለእማዬ።»

«ለእኔም ጨምሪበት» አለችና እጄን ይዛ አወጣችኝ።

ምሳ አልበላንም፤ ለጾም የሚሆን ምግብ አላገኘሁም። ሞኒክ ቸኮላት ስታድል ላለማስከፋት ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ በኋላ ቀልጦ ፓስፖርቴን ቡናማ አድርጎታል። ስንዱ የራሷን ወዲያው ጎረሰች። «አንቺ ለሁለታችንም ትጾሚያለሽ» አለችኝ እየሳቀች። ስትስቅ እንደ ልጅነቷ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ከዚያ የሱፍ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ ገባች። እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ሁለት ዓይነት አንሥታ ወደኔ ዞረች። «ለእማዬ ጉልበት። ሐምሌና ነሐሴ ነው እሷን የሚያማት። ቀዩ ነው አረንጓዴው?»

ሁለቱንም ካልሲ ዳበስኩ። ሻጭዋም ቆማ ትጠብቀኛለች።

«እታለም! ምን ሆነሻል? ከመጣሽ ጀምሮ አንድ ነገር ብጠይቅሽ ግማሹን ነው የምትመልሺው።»

«ደክሞኛል» አልኩ። ደክሞኝ ነበር።

«እማዬ ቀይ ትወዳለች» ብላ ቀዩን አስጠቀለለች። ላስቆማት አልቻልኩም። ጥቅሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መጨረሻ ላይ ጀልባ ነበር። ጀልባው ላይ ነፋሱ በረታ፤ በሁለት እጄ ሻሼን ይዤ ተቀመጥኩ። የሚፈነጥቀው ውሃ አጠገብ ስንደርስ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተነሥቶ ጀልባው አዘነበለ። ሞኒክ ካሜራችንን ተቀብላ «ቁሙ፣ ላንሣችሁ፤ ውሃውን ከኋላችሁ አድርጉ» አለች።

«ይሄን ፎቶ ለእማዬ ነው የምልከው» አለች ስንዱ። በአንድ ክንዷ አቀፈችኝ። እኔ ያን ጊዜ የምጠብቀው ነፋሱን ነው። ስንዱ ግን እየሳቀች «ይቺን ሻሽ ወዲያ በያት፣ እማዬ ግንባርሽን ትይበት!» አለችና በገዛ እጇ ስባ አወረደችው። የመርፌ ቁልፉ ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁት።

ሞኒክ ካሜራውን ቀጭ አደረገች።

የስንዱ እጅ ራሴ ላይ ቀረ። የሰው ፀጉር የሚያውቅ እጅ ነው። መዳፏን ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ አንዴ አሳለፈችው። ከዚያ አየችኝ። ዝም አልኩ።

ትወድቃለች ብዬ ወገቧን ያዝኩ። አልወደቀችም። ሻሹን ከትከሻዬ አንሥታ በሁለት እጇ አለበሰችኝ፤ ሕፃን እንደሚያለብሱ፣ አገጬ ሥር ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

«እዚህ አይሆንም» አለች። «በሰው ጀልባ ላይ አይሆንም።»

ተቀመጥን። ሞኒክ በግራ በኩል ስላለው ትልቅ ቤት ታወራለች፤ ጃፓኖቹ ወደ ግራ ያያሉ። ስንዱ የእጄን አንጓ ይዛ ውሃውን ታያለች። ጥፍሯ የቆረጠኝ ቦታ ቶሮንቶ ስገባም ነበር።

ወደቡ ልንደርስ ስንል፣ ሳትዞር፣ «ነገ ማን ማን ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

«እትዬ አስካለ። ጋሽ ንጉሤ ከበርን። ሌሎችም።»

«ጋሽ ንጉሤ ከዚያ ድረስ?» አለች። «እንግዲያው እስከ ነገ አላወቅሁም።»

«ስንዱዬ፣ እኔ ውሸት...»

«አንቺ ዝም በይ። ዝም ማለት እንደሆን ከትናንት ጀምሮ ችለሽበታል።»

ስንወርድ ሞኒክ የስንዱን ፊት አየች። ጀልባ ያዞራት መስሏት ውሃ ሰጠቻት፤ ፀሐዩንም እንድትከላከልበት ቢጫ ጃንጥላዋን ዘርግታ አስያዘቻት፤ እሷ የአሜሪካዊውን ኮፍያ ልትፈልግ ወደ ጀልባው ተመለሰች። ስንዱ ጃንጥላውን ፊቷ ላይ አጋድላ በፓርኩ ውስጥ መራመድ ጀመረች። እኔ ክንዷን ይዣለሁ። ከኋላችን የእግር ድምፅ እሰማለሁ፣ ልብ አላልኩትም።

አንድ ዛፍ ሥር ስንዱ ቆማ ዞረች። ጃፓኖቹ በሙሉ ተሰልፈው ከኋላችን ቆመዋል። ጃንጥላውን ነው የተከተሉት። አንዳንዱ ኮፍያውን ይዟል፤ ፊታችንን አይተው እነሱም ፊታቸውን አክብደዋል። እናቴን ያልሸኘሁ ልጇ፣ በጄኔቫ መናፈሻ ውስጥ ለቀስተኛ አስከትዬ ቆምኩ።

ስንዱ አፏን በእጇ ሸፈነች። ትሳቅ ታልቅስ አላወቅሁም። ሞኒክ እየሮጠች ደርሳ ጃንጥላዋን እስክትቀበል፣ አንዲት አሮጊት ጃፓናዊት ቀረብ ብለው ለስንዱ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ስንዱም እንደ አገራችን ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

እስኪመሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ገባን። እትዬ አስካለ በር ላይ «እንዴት ነበር?» አሉ፤ ዓይናቸው ከእሷ ወደኔ ይመላለሳል።

«ፀሐዩ ከበደኝ እንጂ ደስ ይላል» አለች ስንዱ። ንፍሮው ማድ ቤት ይሸታል። ምን እንደሚሸት አልጠየቀችም።

እሑድ

ሲነጋ በሩ ሲንኳኳ ስንዱ ቀድማኝ ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ብርጭቆና የአበባ ማስቀመጫ ሁሉ አንሥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ነበር። ሰው ሲወድቅ የሚሰበር ነገር እንዳይኖር ነው። እትዬ አስካለ ገብተው ባዶውን ጠረጴዛ አዩና ቆም አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ጋሽ ንጉሤ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሲያዘጋጁ እንደመጡ ያስታውቃል።

«ልጄ ስንዱ» አሉ፣ «ይህች ዓለም የተውሶ ናት። ያበደረን ጌታ ሲፈልግ ይወስዳል። አዳም ያን ያህል ዘመን ኖሮ አልቀረለትም...»

ስንዱ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። አንድም ቃል አላስቸኮለቻቸውም። የአባታችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የተነገራት፤ ይሄን ረጅም መንገድ በሙሉ ከሽማግሌው ጋር ሄደችው። «እናትሽም እንግዲህ፣ ሥቃይ ሳያገኛቸው፣ ቆርበው...» ሲሉ ከሐይቁ ጀምሮ ተይዞ የነበረው ወጣ። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ አስቀድማ ታውቅ ነበር አይልም። አራት ሴቶች ያዝናት። እሷ ግን የኔን ቀሚስ ጨብጣ ነበር።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጥቁር ቀሚሴን ከሻንጣው ሥር አወጣሁ። ስንዱ የሥራ መቀሷን አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«አንቺ ቁረጪልኝ» አለች። «እኔ የራሴን አይሆንልኝም።»

ንስሐ አባቴ ታሰቡኝ። ግን መሬት ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ ልጅ ሳለች ስሠራት እንደምትቀመጠው። ቆረጥኩላት።

መመለሻ

ሳምንቱን ሰው ሳይለያት ከረመች። ስሸኝ ኤርፖርት ድረስ ሁለታችንም ሻሽ አስረን ሄድን። ቀዩን ካልሲ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። «የካናዳ ብርድ ጉልበት ይበላል ይላሉ» አለች።

ፎቶው ኋላ በፖስታ ደረሰኝ። ውሃው ከኋላችን ነጭ ሆኖ ቆሟል። እኔ አፌን ከፍቻለሁ። ስንዱ ሻሹን ይዛ ጎትታዋለች፤ ዓይኗ ግን ካሜራው ላይ ነው፣ ገና ወደኔ አልዞረችም። ጥርሷ በሙሉ ይታያል፤ ለእማዬ ነው የምትስቀው።

አሁን «ጄኔቫ እንዴት ነች?» ብለው ቤቴ ድረስ ለሚመጡ ይህን አሳያቸዋለሁ። ውሃውን ያደንቃሉ። ከዚያ ስንዱ ላይ ጣታቸውን አኑረው «እንዴት ደስ ብሏታል እባክሽ!» ይላሉ።

«አዎ» እላለሁ፣ «በጣም ደስ ብሏታል።»